ልጆችና እናት ይዞ አዲስ አበባ፦ የት ይታደራል?

ባለፈው ሳምንት የልጆቼን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። ስለ አንበሳው የጠየቀኝ የለም፣ ስለ ቤተ መንግሥቱም የጠየቀኝ የለም። ሁላችሁም "የት አረፋችሁ? ስንት ወጣ?" ነው የምትሉት። አብዛኞቻችሁ እንደ እኔው ጠመኔ ጨባጭ ስለሆናችሁ ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት አጭር ነው፤ ደመወዙ ደግሞ ከእረፍቱም ያጥራል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ከሐዋሳ የሄድነው አምስት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘጠኝ ዓመቱን የያዘው ትልቁ ልጄ፣ አምስት ዓመት የሞላት ትንሿ፣ እና እማዬ። እማዬ ሰባን እየተጠጋች ነው፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ሰማንያ ገብቷል። አምስት ሰው ማለት ደግሞ አምስት ሐሳብ ነው። ትልቁ ቲክቶክ ላይ ያየው የቢሾፍቱው የኩሪፍቱ ወተር ፓርክ ልቡን ወስዶታል። ትንሿ አንበሳ ካላየሁ ብላለች። ባለቤቴ "የትም ይሁን፣ ብቻ እኔ ወጥ የማልሠራበት ቦታ ይሁን" አለች። እማዬ ምንም አላለችም። አንድ ቀን ማታ ብቻ፣ ቴሌቪዥን እያየን፣ "ያ ቤተ መንግሥት አሁን እውነት ለማንም ሰው ይከፈታል?" ብላ ጠየቀችኝ። በወጣትነቷ እህቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ስትመጣ በአጥሩ ሥር ታልፍ ነበር። ቀና ብሎ ማየት እንኳ ያስፈራ ነበር አለችኝ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ሐሳቡ በሆዷ ነበር ማለት ነው። አልነገረችንም እንጂ።

ወተር ፓርኩን ዋጋ ጠይቄ በአምስት ካባዛሁት በኋላ በቤተሰብ ምክር ቤት "ለሌላ ዓመት" ተባለ። ልጁ አኮረፈ። እንጦጦ ላይ ፈረስ እንደሚጋለብ ስነግረው ኩርፊያው ግማሽ ቀን አልቆየም። እና ዕቅዱ ይሄ ሆነ፦ አንድ ቀን አንድነት ፓርክ፣ አንድ ቀን እንጦጦ፣ ጊዜ ከተረፈ ሙዚየም። ሦስት ሌሊት።

እስከዚህ ቀላል ነበር።

እስቲ የከተማዋን አቀማመጥ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አንድነት ፓርክ ያለው 4 ኪሎ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ወዳጅነት ፓርክና ሳይንስ ሙዚየም እዚያው አካባቢ ናቸው። ከ4 ኪሎ ወደ ላይ ሲኬድ 5 ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ድንቅነሽ ያለችበት። ከፍ ሲባል 6 ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ። ልጅን የሚያስደስት ነገር በአንድ መስመር ላይ ተሰድሯል ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ወደ ሰሜን ነው። ከሐዋሳ የሚመጣ ሰው ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገባው በደቡብ በኩል ነው። ሞጆ ላይ ፍጥነት መንገዱን ይይዛል፣ መንገዱ ሲያልቅ ቱሉ ዲምቱ ነው።

አክስቴ የምትኖረው የት መሰላችሁ? ቱሉ ዲምቱ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ስለዚህ አንደኛው ምርጫ ግልጽ ነው። ከአውቶቡስ ትወርዳለህ፣ አክስትህ ቤት ትገባለህ፣ አልጋ በነጻ፣ እራት በነጻ፣ ፍቅር በነጻ። ዘመድ እያለ አልጋ መከራየት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ለእኔ ደግሞ ይሄ ተራ አክስት አይደለችም። ኮተቤ ዲፕሎማዬን ስማር ያኖረችኝ እሷ ናት። ያኔ ቤቷ 4 ኪሎ ነበር፣ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል ከትንሽ ጓዳ ጋር። ማታ ማታ በሩ ሥር ፍራሽ ይነጠፍልኛል፤ ሌሊት ሽንት ቤት የሚወጣ ሰው በእኔ ላይ ተራምዶ ነው የሚያልፈው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን "መቼ ነው የምትጨርሰው?" ብላኝ አታውቅም። በኋላ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ወደ ዳር ወጣች። ዕቃዋን የጫንኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሒሳብ ልሥራላችሁ፣ የለመድኩት እሱን ነው። ከቱሉ ዲምቱ 4 ኪሎ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በራይድ ስጠይቅ እንደ ሰዓቱ ከ800 እስከ 1,000 ብር አለኝ፣ አንድ ጉዞ። ደርሶ መልስ በቀን 1,800 ያዙ። በሚኒባስ ከሆነ ወጪው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ግን ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ሦስት ጊዜ መውረድና መሳፈር አለ፣ አንዷ ልጅ እቅፍ ውስጥ፣ እማዬ ደግሞ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ደጋፊ የምትፈልግ። በሌላ በኩል 4 ኪሎና 6 ኪሎ መሀል ሁለት አልጋ ያለው የፔንሲዮን ክፍል በ1,500 ብር አገኘሁ። ነጻ የተባለው አልጋ በቀን 300 ብር በለጠ! እርግጥ ፔንሲዮን ስታድር እራት ውጭ ነው የምትበላው፣ እሱ ሲጨመር ነገሩ ይገለበጣል። ከብሩ ይልቅ እኔን የከበደኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል። የአምስት ዓመት ልጅ በቀን ያላት ትዕግሥት ተደምሮ ሦስት ሰዓት አይሞላም። መንገድ ላይ ከጨረሰችው ለአንበሳው ምን ይተርፋል?

ሌላ ማንም የማያነሣው ነገር አለ፤ ውሃ። የኮንዶሚኒየም ሰዎች ታውቁታላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል። አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ደርድራ ነው የምትኖረው። ለአንዲት ሴት ሳምንት የሚያቆያት ውሃ አምስት እንግዳ ሲጨመር ሁለት ቀን አይደርስም። እሷ ግን ይሄን አትነግርህም። "ታጠቡ፣ ታጠቡ" ነው የምትልህ። ከዚያ ከምድር ቤት ጀሪካን ለሚያወጣላት ልጅ በጎን ትከፍላለች። እንግዳ የሆነ ሰው ይሄን አስቦ ራሱ ካልቀነሰ በስተቀር ባለቤቷ "በቃችሁ" ልትል አትችልም። መስተንግዶ የሚባለው ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ደወልኩላት። ከመሄዳችን ሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ወሬ በር ላይ አይነገርም።

"ፍራሽ ከጎረቤት አዘጋጅቻለሁ፣ ሦስቱንም ቀን እኔ ጋ ናችሁ" አለች ገና ሰላም ሳልላት።

"እትዬ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት አንቺ ጋ ነን። ከዚያ ሁለቱን ሌሊት እዚያው 4 ኪሎ አካባቢ ክፍል ይዘናል፣ ለልጆቹ እንዲቀርባቸው ብለን ነው።"

ዝም አለች። ከዚያ፣ "ፔንሲዮን?"

"አዎ።"

"እኔ ሞቻለሁ እንዴ?"

"ሞተሽ ቢሆንማ ሦስቱንም ሌሊት ነበር የምከራየው" አልኳት። ሌላ ጊዜ ብትሆን ትስቅ ነበር። አልሳቀችም። "ለጎረቤት ምን እላለሁ? የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ድረስ... ከሐዋሳ ድረስ መጥቶ አልጋ ተከራየ ልበል? ደግሞ የድሮ ሰፈሬ ሄዳችሁ ሰው ቤት ልታድሩ!" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ባለቤቴ በዓይኗ "ተወው፣ እዚያው እንሁን" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩን የፈታችው እማዬ ናት። ማታ ራሷ ደውላ፣ "እኔ አንቺ ጋ ነኝ፣ ሦስቱንም ሌሊት። እነሱ የፈለጉበት ይደሩ፣ ወጣት ናቸው" አለቻት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወጣት መባሌን በምስጋና ተቀበልኩ። እማዬ አራት ፎቅ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደምትወጣ ስጨነቅ "አንድ ጊዜ ነው የምወጣው" አለች። ለካ ሁለት እህትማማቾች ለብቻቸው ሦስት ሌሊት ካገኙ ስንት ዓመት ሆኗቸዋል! እኔ ስለ አልጋ ሳስብ እሷ የምታስበው ሌላ ነው።

አሁን ፔንሲዮን ስለመምረጥ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ነው። ፎቶ አይታችሁ አትያዙ፣ ደውሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቤተሰብ ታስተናግዳላችሁ ወይ?" ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል፤ አንዳንዱ ፔንሲዮን ሥራው በሰዓት ነው፣ ልጅ ይዞ የሚገባበት አይደለም። ስልክ ያነሣው ሰው ድምፁ ላይ መልሱ ይታወቃል። ቀጥሎ ውሃ፦ ታንከር አላችሁ ወይ፣ የሞቀ ውሃ በየትኛው ሰዓት ነው፣ መብራት ሲጠፋስ? ከሐዋሳ ለምንሄድ ሰዎች ይሄ ቅንጦት አይደለም። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነን፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው። የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ትርፍ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ምድር ቤቱ ግሮሰሪ ወይም ጭፈራ ቤት ከሆነ ተዉት፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። ልጆች ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው ተጨማሪ ይከፈልባቸው እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ "ትልቅ ናቸው" የሚለው ክርክር ሁልጊዜ የሚነሣው ሻንጣ ከገባ በኋላ ነው። ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነም ጠይቁ። እኔ አንደኛ ፎቅ ካልሆነ ብዬ ያዝኩ። ያኔ ለትንሿ ብዬ ነበር፣ በኋላ ለሌላ ሰው ጠቀመን፣ እደርስበታለሁ።

ቀኑንም ምረጡ። ጥር 11 ጃንሜዳ ጥምቀት ነው፣ 6 ኪሎ አካባቢ ክፍል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ለበዓሉ ካልሄዳችሁ በቀር። የካቲት ላይ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ፤ መንገድ ይዘጋጋል። ቤተ መንግሥቱ ግቢ የመንግሥት ሥራ የሚሠራበት ስለሆነ በምትሄዱበት ቀን ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። እኛ በሁለቱ መሀል ያለችውን ሳምንት ነው የመረጥነው።

እና ሄድን። የመጀመሪያው ሌሊት አክስቴ ቤት። ቡና፣ ቅቤ፣ ቡላ ተሸክመን አራት ፎቅ ወጣን፣ እማዬ በየፎቁ እያረፈች። አክስቴ በሩ ላይ ልጆቹን ስማ ስማ እኔ ጋ ስትደርስ ጉንጯን ብቻ ሰጠችኝ። ዶሮ ሠርታለች። ሰባት ሰው ይበላዋል ተብሎ የተሠራ ዶሮ አልነበረም፣ የሠርግ ነው የሚመስለው። ስንበላ ስለ ፔንሲዮኑ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ ያ ደግሞ ከንግግር ይብሳል። መጀመሪያውን ሌሊት ለዘመድ መስጠት የኔ ሐሳብ ነበር፣ አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው እሱን ነው። መጨረሻውን ሌሊት ብትሰጡ ካሣ ይመስላል። መጀመሪያውን ከሰጣችሁ ግን "ወደ አንቺ ነው የመጣነው" ማለት ነው። በዚህ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ ልጅ አዝሎ ከተማ ከማቋረጥ ያድናል።

በማግስቱ ረፋድ፣ የጠዋቱ ሰልፍ ካለፈ በኋላ፣ አራታችን ወደ ፔንሲዮኑ ሄድን። ዕቃ ጥለን ቀኑን በሙዚየም አሳለፍነው። ትልቁ ድንቅነሽ ፊት ቆሞ "ይቺ ናት 3.2 ሚሊዮን ዓመት?" አለና "ከቲቸር ሁሉ ታንሳለች" ብሎ አለፈ። ቁመቷን ማለቱ ነው። ማታ ወዳጅነት ፓርክ ወረድን። እዚያ ከቀረባችሁ ምን ጥቅም እንዳለው ያን ቀን ገባኝ፦ ትንሿ እንቅልፍ ሲመጣባት ተሸክሜ ትንሽ ተራምጄ አልጋ ላይ አስቀመጥኳት። ቱሉ ዲምቱ ቢሆን ኖሮ ገና ሳሪስ መብራት ላይ ቆመን ነበር።

ዋናው ቀን ሦስተኛው ነው፣ የአንድነት ፓርክ ቀን። ዕቅዱ እማዬ በራይድ ትመጣለች ነበር። ብቻዋን መጓዝ ስለማትችል አክስቴ መሸኘት ነበረባት፣ እሷ ደግሞ አሻፈረኝ አለች። "ሠላሳ ዓመት በአጥሩ ሥር ኖሬ ያልገባሁበትን አሁን ከሰፈሩ ከወጣሁ በኋላ ከፍዬ ልግባ?" አለች። በመጨረሻ "እህቴን በር ድረስ አድርሼ እመለሳለሁ" ብላ መጣች። በር ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን አስተካክላለች፣ ጫማዋ የበዓል ነው። አልተመለሰችም።

ከውስጥ ስላለው ብዙ አልጽፍም፣ ሄዳችሁ እዩት። ለልጆቹ አንበሳው ነው ዋናው። ተኝቶ ነበር፤ ትንሿ "ሞቷል?" ብላ ጠየቀች፣ ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ ጮኸች። ትልቁ ከክልሎቹ እልፍኞች አንዱን ካላስገባችሁኝ እያለ ይሮጣል። እኔ የማየው ግን ሁለቱን አሮጊቶች ነው። ዙፋን ቤቱ ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የሚያወሩት፣ ባለቤቱ የሚሰማ ይመስል። ግብር አዳራሹ ጋ እማዬ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ስፋቱን አየች አየችና፣

"ይሄን ሁሉ እንጀራ ማን ጋገረው?" አለች።

አክስቴ "እኛ ነና፣ ሌላ ማን" አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ከስልኩ ጥሪ በኋላ አክስቴ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ግቢው ሰፊ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከረረች፣ ትንሿ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እማዬ ጉልበቷን መያዝ ጀመረች። ልጅና አሮጊት ይዞ ፓርክ የሄደ ሰው ይሄን ሰዓት ያውቀዋል። ወይ እዚያው እየተጨቃጨቅህ ትውላለህ፣ ወይ ቀኑን ጨርሰህ ወደ ቤት ትመለሳለህ። እኛ ሦስተኛ ነገር ነበረን። ወጣን፣ ታክሲ ያዝን፣ ወዲያው ፔንሲዮኑ በር ላይ ነበርን። አንደኛ ፎቅ። እማዬ አሥራ ምናምን ደረጃ ወጥታ አልጋው ላይ ተዘረጋች።

አክስቴ ቆማ ቀረች። ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ጠርዙን አየች። መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው። "ይሄ ነው በ1,500?" አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ ቧንቧውን ጠመዘዘችው።

"ውሃ አለ እንዴ!"

"የሞቀም አለ" አለቻት ባለቤቴ።

ጎበዝ፣ አክስቴ ሻወር ገባች። ሃያ አምስት ደቂቃ አልወጣችም። በኋላ ለባለቤቴ እንደነገረቻት ከሆነ እኛ ከመምጣታችን ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ፈረቃው ተዛብቶ ውሃ አልመጣም ነበር። ዶሮውን የሠራችው፣ እግራችንን ያስታጠበችን፣ ሁሉ በተገዛ ጀሪካን ነው። ስትወጣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ አንድም ሳትናገር ከእማዬ ጎን ተኛች። ትንሿ መሀላቸው ገባች። ሦስቱም አሥር ሰዓት እስኪሆን አልተነሡም። እኔና ትልቁ በረንዳው ላይ ማኪያቶና ለስላሳ ይዘን ጠበቅናቸው።

ሲነሡ አክስቴ "ና እስቲ" አለችኝ። እኔን ብቻ። ቁልቁል ሄድን፣ ታጠፍን፣ እንደገና ታጠፍን። እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አስፋልቱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መንገድ ንጣፍና አበባ ሆኗል፣ የማውቀው ነገር የለም። እሷ ግን አንድ የድሮ ግንብ አገኘችና ከእሱ ላይ በእርምጃ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆመች። "በሩ እዚህ ጋ ነው። አንተ የምትተኛው እዚህ።" የእግረኛ መንገድ ላይ ነው የቆምነው፤ አንድ ወጣትና ሴት ጓደኛው ይቅርታ ብለው በመሀላችን አለፉ።

"ከዚህ ፓርኩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?" አለችኝ።

"አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት።"

"ይሄኔ ቤቴ ቢኖር በእግራችሁ ትመላለሱ ነበር" አለች። "ፔንሲዮንም አያስፈልግም ነበር።"

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ያን ሁሉ ቀን የተቀየመችው በእኔ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ትንሹ ብቻ ነው የእኔ ድርሻ። እዚያው ቆመን እያለ ነጠላዋን አስተካክላ "በል እንሂድ፣ ልጆቹ እራታቸውን ይብሉ። ዛሬ የምጋብዘው እኔ ነኝ፣ በሰፈሬ ነው ያላችሁት" አለች። ጥብስ በላን። ሒሳቡን አላስነካችኝም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እማዬን ይዛ በራይድ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመለሰች፤ እዚሁ እደሩ ብላቸው "ቤት አለኝ" አለች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ። ግቢው ሲገባ አይከፈልም፣ የምትከፍሉት ለምትጫወቱበት ነው፣ ስለዚህ ልጆቹን ከመግባታችሁ በፊት "አንድ አንድ ነገር" ብላችሁ አስምሉ። ትልቁ ፈረሱን ጋለበ፣ ወተር ፓርኩን ረሳ፣ ወይም የረሳ መሰለ። ጃኬት ያዙ፣ በቀትርም ቢሆን። ለአረጋውያን እንጦጦ ይከብዳል፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እማዬን አለማምጣታችን ጥሩ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ ወርደን እማዬን ይዘን ወደ ሐዋሳ። እዚህ ላይ የአክስቴ ቤት አውቶቡስ ጋ መቅረቡ እንደገና ጠቀመን።

ወጪ ለጠየቃችሁ፦ ክፍሉ ለሁለት ሌሊት 3,000 ብር፣ ከተማ ውስጥ ታክሲና ራይድ የእማዬን ጨምሮ 2,900 አካባቢ። ምግብ እንደ ሰው ነው፣ እኛ ቁርስ ዳቦና ሻይ፣ ምሳና እራት በየአዲሱ ግርግር የማይበዛበት ቤት እየፈለግን ነው የበላነው። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ራሳችሁ ጠይቁ።

የፔንሲዮኑን ስልክ እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ላኩልኝ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ግን አንደኛ ፎቅ፣ ሁለት አልጋ ያለው በሉ። አክስቴ ትናንት ደውላ ነበር፤ ፋሲካ ላይ ጎረቤቷ እህቷ ከጅማ ልጆች ይዛ ልትመጣ ነውና ቁጥሩን ላክልኝ አለችኝ። ላክሁላት።